የኦዲት ሎግን ከሶፍትዌር አውጥቶ ስለመያዝ

የኦዲት ሎግ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው መረጃ ላይ ምን እንደሠራ ሶፍትዌሩ ራሱ የሚጽፈው መዝገብ ነው። የሒሳብ ሶፍትዌር ደረሰኝ መሰረዙን፣ የደመወዝ ሶፍትዌር የሠራተኛ ክፍያ መለወጡን፣ የክሊኒክ ሶፍትዌር የታካሚ ካርድ መከፈቱን በዚህ መዝገብ ያሰፍራል። ይሁንና መዝገቡ በሶፍትዌሩ ውስጥ መኖሩ ብቻ ሕጉ የሚጠይቀውን ግዴታ ለመወጣት አያስችልም፤ በየጊዜው ወጥቶ በተለየ ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል።

ዋናው ምክንያት የጊዜ ልዩነት ነው። የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን የግብር ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን ጀምሮ ለ5 ዓመት ወይም በንግድ ሕጉ ለተመለከተው ጊዜ፣ ከሁለቱ ለሚረዝመው፣ እንዲይዝ ያስገድዳል። አዋጁ ሰነድ ሲል በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተከማቸ መረጃንም ያካትታል። በአንጻሩ የማይክሮሶፍት 365 መደበኛ የኦዲት ሎግ የሚቆየው 180 ቀናት ብቻ ነው። የዊንዶውስ የደኅንነት ሎግም ቅንብሩ ካልተቀየረ 20 ሜጋባይት ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይጽፋል። በመሆኑም መርማሪ በመጣ ዕለት ሎግ ለማውጣት የሚሞክር ድርጅት የሚፈለገው ዘመን ተደምስሶ ሊያገኘው ይችላል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። የተሰረዘ ደረሰኝ ለመርማሪ ሽያጭ መደበቂያ ሊመስል ይችላል። ሎጉ ግን ደረሰኙ ከተቆረጠ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ በዚያው ገንዘብ ያዥ መሰረዙንና ትክክለኛው መተካቱን ካሳየ ነገሩ የስህተት እርማት መሆኑ ይታወቃል። የግብር ውሳኔ ትክክል አይደለም ብሎ የሚከራከር ግብር ከፋይ የማስረዳት ሸክሙ በራሱ ላይ በመሆኑ፣ ይህን ማስረጃ ያጣ ድርጅት ክርክሩን በቃል ብቻ ለማካሄድ ይገደዳል።

ሎጉ የሚጠቅመው ግን ስሞቹ እውነተኛ ሲሆኑ ነው። ሦስት ገንዘብ ያዦች «አድሚን» በሚል አንድ የይለፍ ቃል ሲሠሩ ሎጉ ሥራ መሠራቱን እንጂ ማን እንደሠራው አይናገርም። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የተጠቃሚ ስም ሊሰጠው ይገባል፤ ፒችትሪን ለሚጠቀሙ ድርጅቶችም ይኸው ይሠራል። ሎጉን የሚያወጣው ሰውም ሥራው በሎጉ ከሚመዘገበው ሰው የተለየ ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ሒሳብ ሠራተኛ ብቻ ለሚተዳደሩ አነስተኛ ድርጅቶች ይህ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ በተገኘበት ማውጣት ይቻላል።

የቀን አቆጣጠርም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙ ሶፍትዌሮች ሰዓት የሚመዘግቡት ዩቲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ ሰዓት ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሰዓት ከእርሱ በ3 ሰዓት ይቀድማል። በሎግ ላይ 05:30 ተብሎ የተጻፈ ክንውን በአገራችን አቆጣጠር የተፈጸመው ከጠዋቱ 2፡30 ነው። የ2017 በጀት ዓመትን ሎግ ለማውጣት በሶፍትዌሩ የሚሞላው ከጁላይ 8 ቀን 2024 እስከ ጁላይ 7 ቀን 2025 ነው፤ በሰዓት ልዩነቱ ምክንያት መረጃ እንዳይጎድል ከመነሻውም ከመድረሻውም አንድ አንድ ቀን መጨመር ያስፈልጋል።

ፋይሉ ሶፍትዌሩ ከፈቀደ በሲኤስቪ ዓይነት ይወጣል፤ ፒዲኤፍ ለማንበብ ቢመችም ለፍለጋና ለማነጻጸር አይመችም። የወጣውን ፋይል በኤክሴል ከፍቶ መልሶ ማስቀመጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚታይ ችግር ያስከትላል። ኤክሴል በዜሮ የሚጀምር የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርን እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮ የፊት ዜሮዎቹን ይጥላል፤ የአማርኛ ስሞችም ወደማይነበቡ ምልክቶች ሊለወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ዋናው ፋይል ሳይነካ ተቀምጦ ሥራው በቅጂው ላይ ይከናወናል። ዋናው አለመነካቱን ለማረጋገጥ ፋይሉ እንደወጣ ሻ-256 በተባለው ስሌት 64 ፊደልና አኃዝ ያለው መለያ ይወሰድለታል። ከፋይሉ አንዲት ፊደል ብትቀየር መለያው ፈጽሞ ይለያያል። መለያው፣ የወጣበት ቀንና ያወጣው ሰው ስም በአጭር ቃለ ጉባኤ ሰፍሮ በፊርማ ይያዛል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠ ቢሆንም፣ መዝገቡ ሳይለወጥ መቆየቱ ሲጠየቅ መልስ የሚሆነው ይህ ቃለ ጉባኤ ነው።

ሎግ የሠራተኞችንና የደንበኞችን ስም ስለሚይዝ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 በእርሱም ላይ ተፈጻሚ ይሆናል። የተጠየቀውን ዘመንና ጉዳይ ብቻ መስጠት ተገቢ ነው፤ ሙሉ ሎጉን በቴሌግራም ወይም በግል ኢሜይል መላክ አይገባም።

ሶፍትዌር የሚቀይሩ ድርጅቶች የአሮጌውን ሎግ የአገልግሎት ውሉ ከመቋረጡ በፊት ማውጣት ይኖርባቸዋል። የደንበኝነት ክፍያው ካበቃ በኋላ አቅራቢው መረጃውን ለምን ያህል ጊዜ እንደሚያቆይ የሚወሰነው በውሉ በመሆኑ፣ ይህ አንቀጽ ከመፈረሙ በፊት መነበብ ይገባዋል።