ዘግይቶ የታወቀው የደቡብ ዋልታ ተራራ

የዓለም ካርታ በክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታይ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይመስላል። ዳሩ ግን አንታርክቲካ በተባለው የደቡብ ዋልታ ክፍለ ዓለም ከሁሉ የሚበልጠው ተራራ፣ ቪንሰን፣ ለሰው የታወቀው በ1958 ዓ.ም. ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተራራው ከደቡብ ዋልታ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኤልስዎርዝ በሚባሉት ተራሮች መካከል ይገኛል። በዙሪያው ከተማ ቀርቶ ዛፍ እንኳ የለም። በበጋ ፀሐይ ቀንም ሌሊትም አትጠልቅም፤ በክረምት ደግሞ ለወራት አትወጣም። በዓመት የሚወርደው በረዶ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ከብርዱ የተነሣ ስለማይቀልጥ ከዘመን ዘመን እየተከማቸ ታላቅ ግግር ሆኗል።

ሊንከን ኤልስዎርዝ የተባለው አሜሪካዊ አሳሽ፣ ኖቬምበር 23 ቀን 1935 ዓ.ም. ከአብራሪው ከሆሊክ ኬንየን ጋር ክፍለ ዓለሙን በአይሮፕላን ሲያቋርጥ የተራሮቹን ሰንሰለት አየ፤ «ዘበኛ» የሚል ትርጉም ያለው ስምም ሰጠው። ቪንሰን ግን ያን ጊዜ ተለይቶ አልታወቀም። ከ22 ዓመት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1958 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አይሮፕላኖች አዩት። ስሙም የዋልታውን ምርምር ይደግፉ በነበሩት የምክር ቤት አባል በካርል ቪንሰን ተሰየመ።

ከፍታው በመጀመሪያ 5,140 ሜትር ነው ተባለ። በኒኮላስ ክሊንች የሚመሩ 10 አሜሪካውያን ወደዚያ ሄደው፣ ዲሴምበር 18 ቀን 1966 ዓ.ም. ከእነርሱ አራቱ ጫፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ረገጡ። ይሁን እንጂ ተራራውን መውጣት አንድ ነገር ነው፤ መለካት ሌላ ነው። ተራራ ከሩቅ ሲለካ በማዕዘኑ ላይ የሚደርስ ጥቂት ስሕተት በከፍታው ላይ ብዙ ሜትር ያሳስታል። በ1979 ዓ.ም. የተጀመረው አዲስ ቅየሳ ቁጥሩን ወደ 4,897 ሜትር አወረደው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ መለኪያው እጫፉ ድረስ ተወስዶ፣ ከሰው ሠራሽ ሳተላይቶች በሚመጣ ምልክት ሲለካ 4,892 ሜትር ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ 248 ሜትር የጠፋው ከተራራው ሳይሆን ከመጽሐፍ ላይ ነው። የፊተኞቹ ለካን ያሉት ለኋለኞቹ መነሻ ሆነ፤ የኋለኞቹም ተመልሰው በመለካታቸው የፊተኞቹን ድካም አላቃለሉም። የቀድሞው ቁጥር ግን ዛሬም በአሮጌ መጻሕፍት ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ተማሪ የተራራን ከፍታ በቃሉ ከማጥናቱ ጋር፣ ማን ለካው? መቼ ለካው? በምን ለካው? ብሎ መጠየቅን ቢለምድ ጂኦግራፊን በእውነት ተማረ ይባላል።