ከፍሬን በስተጀርባ ያለችው ላሜራ

እንደሚታወቀው ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም ለዩኒየን ሥራ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ይወርዳል። እዚያ ሕይወትም ንብረትም በፍሬን እጅ ነው።

የዲስክ ፍሬን የቆየ ጠላቱ አቧራ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬደሪክ ላንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1902 ፈጠራውን ቢያስመዘግብም፣ የዘመኑ መንገድ አቧራማ ስለነበር ከመዳብ የተሠራው የፍሬኑ ሸራ ቶሎ እያለቀ አስቸገረ። ዲስክ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲትሮይን ዲኤስ ከወጣች በኋላ ነው። ዛሬ ከዲስኩ በስተጀርባ የምትታሰር ስስ ላሜራ ጭቃና ጠጠር ትከላከላለች።

በአሮጌ ፒክአፕ ላይ ይህች ላሜራ ትዝጋለች፤ ስትጣመምም ዲስኩን እየነካች ትጮኻለች። ወደ ሊበን የምንመላለስባት መኪና ላሜራዋ ተቆርጦ ሲጣል ጩኸቱ ስለቆመ ተደስተን ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን ዲስኩ በጠጠር ተቦርቡሮ አገኘነው።

ላሜራዋን ለመቀየር ጎማው፣ ፍሬኑና ዲስኩ ይፈታሉ፤ በዚያው ኩሽኔታውም ይታያል። የዛገውን ቡሎን አስቀድሞ ዘይት ማጠጣት ይበጃል።

የተከበራችሁ አባላትና ኃላፊዎች፣ መኪናው የጋራ ሀብታችን ነው። ላሜራዋ ተቆርጣ አትጣል፤ ትቀየር። ወጪዋም በዓመቱ የጥገና ዕቅድ ይያዝላት።