ዜና መዋዕሉ ለላብራዶር

ከየካ ሚካኤል ተራራ ግርጌ፣ መንገድ ሁሉ በሚገጥምባት በመገናኛ፣ አንድ ጎልማሳ የባሕር ማዶ ቡችላ በክንዱ ታቅፎ ሲሸጥ አየሁ። «ላብራዶር ነው፣ ንጹሕ ዘር» ይል ነበር። ገዢውም «ቤት ይጠብቃል?» ብሎ ጠየቀው፤ ሻጩም «እንዴታ!» አለው። እኔም ዘሩን አውቅ ነበርና አዘንሁ። ስለዚህ የዚህን ውሻ ዜና ከጥንቱ ጀምሬ ልጽፍ ወደድሁ።

ጥንተ ነገሩ እንዲህ ነው። ኒውፋውንድላንድ በምትባል የሰሜን አትላንቲክ ደሴት፣ በቅዱስ ዮሐንስ ስም በተሰየመች ወደብ ዙሪያ፣ ኮድ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ነበሩ። ለእነርሱም ጥቁር፣ ጠጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ ውሻ ነበራቸው። ጠጉሩ ቅባት አለውና ውሃ አይዘልቀውም፤ በጣቶቹ መካከል ቆዳ ተዘርግቷል፤ ጅራቱም ከሥሩ ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ሲዋኝ አቅጣጫ ይይዝለታል። ከመንጠቆ ያመለጠውን ዓሣ ለቅሞ ያመጣ ነበር፤ የመረቡንም ገመድ በብርዱ ባሕር ውስጥ እየዋኘ ይስብ ነበር። በጎንደር ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ነግሠው ሳሉ፣ በ1772 ዓ.ም. ግድም፣ የደሴቲቱ ገዥ የበግ እርባታ እንዲሰፋ አስቦ በአንድ ቤት ከአንድ ውሻ በላይ እንዳይኖር አዘዘ። የጥንቱ ዘር ከዚያ ወዲህ እየመነመነ ሄዶ ከገዛ አገሩ ጠፋ።

የተረፈው በመርከብ የወጣው ነው። ዓሣ የጫኑ መርከቦች በደቡብ እንግሊዝ ፑል ወደብ ይቆሙ ነበር፤ በዚያም የማልምስበሪ መኳንንት ውሻውን አይተው ለዳክዬ አደን ወሰዱት። ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሆነው በእንጦጦ ሳሉ፣ አዲስ አበባም በተቆረቆረችበት ዘመን ግድም፣ ሦስተኛው የማልምስበሪ ባለርስት ከዘሩ ለስኮትላንዱ የበክሉ መስፍን ሰጡ። ከእነዚህም ኔድና አቮን የሚባሉት ሁለቱ ስማቸው በመዝገብ ተጽፎ ለላብራዶር ዘር አባቶች ሆኑ። በእኛ አገር በዜና መዋዕል የሚገባው የፈረስ ስም ነው፤ ምኒልክም አባ ዳኘው ተብለው ተጠሩ። እነዚያ መኳንንት ግን የውሻውን ትውልድ እስከ ቅድመ አያት ቆጠሩ።

በ1895 ዓ.ም. የለንደን የውሻ ማኅበር ላብራዶርን ራሱን የቻለ ዘር ብሎ ተቀበለው። በዚያው ዓመት ክረምት በአዲስ አበባ የእብድ ውሻ በሽታ ተነሣ። በዚያ የውሻ ስም ሲከብር፣ በዚህ ውሻ የሚያስፈራ ሆነ።

እንግዲህ የነገሩ ሥር አፉ ነው። ላብራዶር የተመረጠው ለአፉ ልስላሴ ነው፦ አዳኙ ተኩሶ የጣለውን ወፍ ከረግረግና ከቁጥቋጦ ፈልጎ፣ ጥርሱን ሳያስነካ፣ ላባውን ሳያጨማድድ ለጌታው እጅ ያስረክባል። በእንጦጦ ዳገት ቆቅ ሞልቷል። ነገር ግን ደጋው እንዲህ ያለ ውሻ አላበጀም፤ ምክንያቱንም በሥርዓታችን አገኘዋለሁ። በስመ አብ ተባርኮ ያልታረደ ሥጋ በክት ነው። ኦሪትም አውሬ የቧጨረውን ሥጋ ሰው እንዳይበላ፣ ለውሻ እንዲጣል ታዝዛለች፤ ፍትሐ ነገሥቱም ያጸናዋል። ስለዚህ ጥይት ገድሎት በውሻ አፍ የመጣ ወፍ ከገበታ አይቀርብም። ቆቅ ለመብላት የሚሻ ሰው በወጥመድ በሕይወት ይዞ ያርዳል። ለውሻችንም የቀረለት ሥራ ደጅ መጠበቅ ነው፤ ይህንንም ስንት ዘመን በጅብ መካከል ቆሞ ፈጽሞታል፣ ክብር ይገባዋል።

ላብራዶር ግን የደጅ ውሻ አይደለም። ጠረኑ እንግዳ የሆነውን ሰው ጅራቱን እየወዘወዘ ይቀበላል፤ ሰንሰለትም መንፈሱን ይሰብራል። ሆዱም አይጠግብም፤ በ2008 ዓ.ም. የካምብሪጅ ሊቃውንት ከአራቱ ላብራዶር አንዱ ገደማ የጥጋብን ምልክት የሚያጎድል የዘር ጉድለት እንዳለበት ገለጡ። ስለዚህ ከገበታችን የተረፈውን ሁሉ የምንሰጠው ወፍሮ መገጣጠሚያው ይጎዳል።

ከመገናኛ ወደ ላምበረት በሚወስደው መንገድ ጀርባ፣ በጎረቤቴ ግቢ አንድ አለ፤ ሌባ ቢገባም አልጮኸምና «ከንቱ» ተብሏል። በሐምሌ አንድ ቀን፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ገመዱ ተፈትቶ ነበር። ከአጥሩ ሥር በጎርፍ ውስጥ የወደቀች ጫጩት በአፉ ይዞ መጣ፤ የግቢው እመቤትም «በላት!» ብለው ጮኹ። እርሱ ግን ቀስ ብሎ እግራቸው ሥር ተቀመጠና አፉን ከፈተ። ጫጩቷ ጮኸች፤ ላባዋ ረጥቧል እንጂ ቁስል አልነበረባትም። እማማም ምራቁን በውሃ አጥበው ወደ እናቷ ሰደዷት። ውሻውም እጃቸውን እያየ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።