የቁስቋም የወርቅ ጽዋ

ወርቅ፣ የግእዝ ጽሑፍ የተቀረጸበት
ጎንደር፣ ከ1735 እስከ 1740 እ.ኤ.አ. ገደማ
ሠሪው፦ ወልደ ጊዮርጊስ

ዳግማዊ ኢያሱና እናታቸው እቴጌ ምንትዋብ ይህን ጽዋ የሰጡት ከጎንደር ወጣ ብላ ለምትገኘው ለደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ደብሯን ያሠሩት እቴጌዪቱ ናቸው። በቅዳሴ ከዘቢብ የሚዘጋጀው ወይን የሚቀዳው እንዲህ ባለ ጽዋ ነው፤ ጻሕልና ዕርፈ መስቀል አብረውት ይቀርባሉ።

ወደ ጽሑፉ ጠጋ ይበሉ። ብራና ላይ በቀለምና በመቃ የሚጻፈው ፊደል እዚህ ወርቅ ላይ በብረት ተቀርጿል። የንጉሡን ስም፣ የደብሯን ስም፣ ስጦታው ለሥጋና ለነፍስ መዳን መሆኑን ይናገራል። እቴጌዪቱ የተጠሩት በክርስትና ስማቸው፣ ወለተ ጊዮርጊስ ተብለው ነው። የአንጥረኛው ስም ከሥራው ጋር እዚህ መድረሱ ብርቅ ነው፤ የብዙዎቹ የጎንደር አንጥረኞች ሥራ እንጂ ስማቸው አልቀረልንም።

ጽዋው በኋላ መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 1868 እ.ኤ.አ. አምባው በእንግሊዝ ጦር ሲዘረፍ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሪቻርድ ሆልምስ ይህንና አንድ የወርቅ ዘውድ ከአንድ ወታደር በ4 ፓውንድ ገዛ። ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለቱም ለንደን፣ ዛሬ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት በሚባለው ሙዚየም ይገኛሉ። ከመቅደላ የተወሰዱ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም በዚያው ከተማ፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀምጠዋል።