የማሊንዲ ባሕርና ስማቸው ያልተጻፈ ባለሙያዎች

እ.ኤ.አ. በ1934 መጀመሪያ ላይ አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ በታንጋኒካ (በዛሬዋ ታንዛኒያ) ሜዳዎች አንበሳና ጎሽ ሲያድን ሰንብቶ ወደ ኬንያ ጠረፍ ወረደ። በአደኑ መሃል የአሜባ ተቅማጥ አጥቅቶት በትንሽ አውሮፕላን ናይሮቢ ተወስዶ ታክሟል። ማሊንዲ የገባው ግን ለማረፍ ብቻ አልነበረም። ከባለጸጋው ወጣት አልፍሬድ ቫንደርቢልትና ከአደን መሪው ፊሊፕ ፐርሲቫል ጋር ጀልባ ተከራይቶ ወደ ጥልቁ ባሕር ወጣ። በዚያው ዓመት አገሩ እንደተመለሰ ከኤስኳየር መጽሔት ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ፣ ኋላ ስሟ የገነነውን «ፒላር» የተባለች የዓሣ ማጥመጃ ጀልባውን ገዛ።

 

በትልቅ ዓሣ አጥማጆች ዘንድ የማሊንዲ ስም ከሄሚንግዌይ ስም ጋር ይነሳል። ይሁንና ያ ባሕር እርሱ ሲመጣ አዲስ አልነበረም። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በሚያዝያ 1498 ማሊንዲ ሲደርስ ከተማዋ ከዓረቢያና ከሕንድ ጋር የምትነግድ የስዋሂሊ ወደብ ነበረች። ወደ ሕንድ የሚወስደውን መንገድ አያውቅም ነበርና የማሊንዲ ገዥ መርከብ መሪ ሰጠው። ውቅያኖሱን ተሻግሮ የሕንድ ወደብ ካሊከት የደረሰው ነፋሱን በሚያውቅ በዚያ ሰው እየተመራ ነው።  በቫስኮ ዳ ጋማ ስም የሚጠራ የድንጋይ ዓምድ በማሊንዲ ጠረፍ ቆሟል። የመርከቡ መሪ ማን እንደነበር ግን የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

መርከብ መሪው የነበረው ዕውቀት ዛሬም የማሊንዲ አጥማጆች እንጀራ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግድም ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ነፋስ ካስካዚ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ከደቡብ የሚመጣውን ኃይለኛ ነፋስ ኩሲ ይሉታል። ኩሲ ሲበረታ ባሕሩ ስለሚናወጥ ጀልባዎች ያርፋሉ። ካስካዚ ሲነፍስ ግን ሴይልፊሽና ማርሊን የተባሉት ትልልቅ ዓሦች ይመጣሉ። ከከተማዋ በስተ ሰሜን የሳባኪ ወንዝ አፈር ተሸክሞ ውቅያኖሱ ውስጥ ይገባል። ድፍርሱና የጠራው ውሃ በሚገናኙበት መስመር ትናንሽ ዓሦች ይሰበሰባሉ፤ ትልልቆቹ እነርሱን ተከትለው ይመጣሉ። ይህን መስመር የሚያገኘው የአካባቢው ካፒቴን ነው። የወፎቹን አበራር፣ የውሃውን ቀለም፣ የማዕበሉን አቅጣጫ አይቶ መሪውን ያዞራል።

ጀልባዋ ቀስ እያለች ስትጓዝ ማባበያዎቹ ከኋላዋ በውሃው ላይ ይጎተታሉ። ማርሊን መንጠቆውን ሲውጥ ለማጥመድ የመጣው እንግዳ ወንበር ላይ ታስሮ ዘንጉን ይይዛል። በ1939 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የስፖርት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ባወጣው ደንብ መሠረት፣ ዓሣው ከተያዘ በኋላ ሌላ ሰው ዘንጉን ከነካ ክብረ ወሰኑ አይመዘገብም። ስለዚህ ዓሣውን ያገኘው ካፒቴን ጀልባዋን እያዞረ ያግዛል እንጂ ክሩን አይነካም። የካፒቴኑ ረዳት እጁን የሚሰነዝረው በመጨረሻ፣ ዓሣው ጀልባዋ ጎን ሲደርስ ነው። አደገኛዋ ደቂቃ ያቺ ናት፤ ጦር የመሰለውን የማርሊን አፍንጫ የሚጋፈጠው እርሱ ነውና።

ሄሚንግዌይ በ1953 እንደገና መጣ። በ1954 በሁለት ቀን ውስጥ በኡጋንዳ ሁለት የአውሮፕላን አደጋ ደርሶበት ክፉኛ ተጎድቶ ሳለ፣ ከሞምባሳ በስተ ደቡብ ወደምትገኘው ሺሞኒ ወርዶ በፔምባ ሰርጥ ዳር ሰፈረ። እዚያም የተነሳ የሰደድ እሳት አቃጠለው። በዚያው ዓመት ጥቅምት የኖቤል ሽልማት ተሰጠው።

በእርሱ ዘመን የጉዞው ክብር ግዳይ መጣል ነበር። ዓሣው በሚዛን ላይ ተሰቅሎ ይመዘናል፤ አጥማጁ አጠገቡ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። ኋላ ላይ ሳይንሱ ያሳየው ነገር ግን ከባድ ነው፤ እጅግ ግዙፍ የሆኑት ጥቁርና ሰማያዊ ማርሊኖች ሁሉም እንስቶች ናቸው። በየወደቡ ለኩራት የተሰቀሉት፣ እንቁላል የሚጥሉት እናቶች ነበሩ ማለት ነው። ኬንያ በ1968 የማሊንዲንና የዋታሙን የባሕር ብሔራዊ ፓርኮች ከልላ ባሕርን በመጠበቅ ረገድ ቀድማ ተነስታለች። ከዚያም ባሉት አሠርት ዓመታት በጠረፉ ዓሣን ቁጥር ያለው ምልክት ሰክቶ የመልቀቅ ልማድ ሥር ሰደደ። ምልክት ያለበት ዓሣ ሌላ ቦታ ሲያዝ የት እንደተጓዘና ምን ያህል እንዳደገ ይታወቃል። ምልክቱን የሚሰካው፣ መንጠቆውን የሚፈታው፣ የደከመው ዓሣ ትንፋሽ እንዲያገኝ ውሃ ውስጥ ይዞ የሚያቆየው ደግሞ ያው ረዳት ነው።

ለመዝናናት የሚመጣው እንግዳ ክብሩን ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ከማርሊን ጋር መታገል ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃል። ሆኖም የዚህ ስፖርት ታሪክ ሙሉ የሚሆነው የካፒቴኑና የረዳቱ ስም ዘንጉን ከያዘው ሰው ስም እኩል ሲጻፍ ነው። እንግዳውን ዓሣ አስይዞ ከመላክ በተጨማሪ ዓሣውን በሕይወት መልቀቅም በእነርሱ እጅ ወድቋል። የማሊንዲ ባሕር ለልጅ ልጅ የሚተርፈው እነዚህ ባለሙያዎች ሙያቸው ሲከበርላቸውና ተገቢውን ዋጋ ሲያገኙበት ነው።