የቤት ማሞቂያ ነዳጅ፦ የተፈጥሮ ጋዝ ወይስ ናፍጣ

በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ክረምቱ ብርቱ ነው። ብዙ ቤቶች የሚሞቁት በተፈጥሮ ጋዝ ወይም ከናፍጣ እምብዛም በማይለይ የማሞቂያ ነዳጅ ነው። ሜይን በናፍጣ የሚሞቁ ቤቶች ድርሻ ከሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች የሚበልጥባት ናት፤ የጋዝ ቧንቧ አብዛኛውን የገጠር ክፍሏን አላዳረሰም።

ናፍጣው በቦቴ ይመጣና ብዙውን ጊዜ ምድር ቤት ባለ 275 ጋሎን ማጠራቀሚያ ውስጥ ይሞላል። ቀረጥ ከሚከፈልበት የመኪና ነዳጅ እንዲለይ ቀይ ቀለም ይጨመርበታል። በውርጭ መሀል ካለቀ ቤቱ ይቀዘቅዛል፤ የውሃ ቧንቧም በርዶ ሊፈነዳ ይችላል። ጋዝ ይህ ሐሳብ የለበትም፤ በቆጣሪ ተለክቶ ይከፈላል።

ዋጋ ሲነጻጸር ብዙዎችን የሚያሳስተው መለኪያው ነው። ናፍጣ በጋሎን፣ ጋዝ ደግሞ ቴርም በሚባል መለኪያ ይሸጣል። ቢቲዩ በተባለው የሙቀት መለኪያ ሲሰላ፣ አንድ ጋሎን ናፍጣ 138,500 ቢቲዩ ያህል፣ አንድ ቴርም ጋዝ ደግሞ 100,000 ቢቲዩ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ የቴርሙን ዋጋ በ1.4 አባዝቶ ከጋሎኑ ዋጋ ጋር ማስተያየት ይገባል። ዋናው የጋዝ መስመር ከቤቱ የራቀ ከሆነ ግን የመዘርጊያው ወጪ የዓመታት ቁጠባ ሊበላ ይችላል።

ለእኩል ሙቀት ጋዝ ሲነድ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከናፍጣው ከሩብ በላይ ያንሳል። ሁለቱም ግን በደንብ ካልነደዱ ሽታ የሌለውን ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚያመነጩ፣ መኝታ ክፍል አጠገብ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ መግጠም ግድ ነው።