የቆዩ የብር ጌጣጌጦች የክረምት አያያዝ

ድሪ፣ አልቦ፣ አምባር፣ የአንገት መስቀል፣ ወለባና የጆሮ ኩክ ማውጫ በብዙ ቤት ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፉ የኖሩ የብር ጌጦች ናቸው። በበዓል ቀን ያስውባሉ፤ በችግር ቀን ደግሞ ጥሪት ይሆናሉ። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበታማ ወቅት ግን ከሌላው ጊዜ ይልቅ ለጉዳት ይጋለጣሉ። ጌጡን ይበልጥ የሚጎዳው በበዓሉ ቀን መደረጉ ሳይሆን፣ ከወለቀ በኋላ ላብና ዝናብ እንደያዘ ተጠቅልሎ መቀመጡ ነው።

ብር ለምን ይጠቁራል?

ንጹሕ ብር በውኃ ብቻ አይዝግም። የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ከሚገኙ ድኝ ካላቸው ጋዞች ጋር ሲዋሐድ ነው፤ እርጥበት ደግሞ ይህን ውሕደት ያፋጥነዋል። እነዚህ ጋዞች ከጭስ፣ ከበሰለ እንቁላል፣ ከሽንኩርት፣ ከሱፍ ጨርቅና ከላስቲክ ይወጣሉ። በክረምት በርና መስኮት ተዘግቶ እሳት ሲነድ ጭሱም እርጥበቱም በቤት ውስጥ ይታመቃል።

በአገራችን የቆዩ ጌጦች ላይ ሌላም ምክንያት አለ። አንጥረኞች ለረጅም ዘመን ጌጥ ይሠሩ የነበረው ጠገራ ብርን፣ ማለትም የማርያ ትሬዛን ገንዘብ፣ እያቀለጡ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ይህ ገንዘብ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው መዳብ ነው። መዳቡ ከላብ ጨውና ከራስ ቅቤ ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል። ጥቁሩ ስስ ሽፋን ብቻ ነው፤ አረንጓዴው ግን እየቆየ ጌጡን ስለሚበላ ሳይዘገይ መጽዳት አለበት።

ከበዓል መልስ

በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሲከበሩ ልጃገረዶች የቤተሰባቸውን ጌጥ አድርገው በዝናብ ወራት ይጫወታሉ። ጌጡ ማታ ሲወልቅ ወዲያው ወደ ሳጥን መግባት የለበትም። በመጀመሪያ ለስላሳ በሆነ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ይጠረግ፤ ከዚያም ነፋስ በሚያገኝ ቦታ ተዘርግቶ ይደር። ምድጃ አጠገብ ማድረቅ ዶቃንና ቆዳን ይጎዳል። ድሪው የተሰካበት ክር ርሶ ከሆነ እስኪደርቅ ድረስ አይንጠልጠል፤ የራሰ ክር በጌጡ ክብደት ተስቦ ይሳሳል፤ በኋላም ተበጥሶ ዶቃው ይበተናል።

አስተጣጠብ

ብርን በአመድ፣ በአሸዋ፣ በሎሚ ወይም በጥርስ ሳሙና ማሸት የተለመደ ነው። ይሁንና አሸዋ፣ አመድና የጥርስ ሳሙና በፈተጉት ቁጥር ከብሩ ጥቂት ይወስዳሉ፤ የሎሚው አሲድም መዳቡን ያጠቃል። በዚህ ሁኔታ ከብዙ ዓመት በኋላ የመስቀሉ ቅርጽ ይደበዝዛል፤ የወርቅ ቅብ ካለውም ቅቡ ይለቃል። የጠፋውን ቅርጽ የሚመልስ መድኃኒት የለም።

የሚሻለው ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ፣ ለስላሳ በሆነ የሕፃን የጥርስ ብሩሽ ቀስ ብሎ ማጠብ፣ በንጹሕ ውኃ ማለቅለቅና በሚገባ ማድረቅ ነው። በቅርጹ ጎድጓዳ ውስጥ የሚቀረው ጥቁረት ቅርጹን አጉልቶ ስለሚያሳይ መተው ይገባዋል። ጌጡን ከአሉሚኒየም ወረቀትና ከሶዳ ጋር በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ይህንንም ጥቁረት ጭምር ስለሚያነሣ ለቆየ ሥራ አይመከርም።

በክር የተሰካ ዶቃ፣ ከዛፍ ሙጫ የተገኘ ቢጫ ዶቃና ቆዳ ያለው ጌጥ ውኃ ውስጥ አይነከሩም። ቢጫው ዶቃ ሽቶና አልኮል ከነካው ገጹ ስለሚበላሽ በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃዋል። የክታብ ማኅደር ሻጋታ ካወጣ ከቤት ውጭ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፍ፤ ከዚያም በጥላ ሥር ይናፈስ።

አቀማመጥ

እያንዳንዱ ጌጥ በታጠበ አቡጀዲ ለብቻው ይጠቅለል። እርስ በርሱ ከተፋተገ ይጫጫራል፤ የብር ፈትል ሥራውም ይጣመማል። በላስቲክ ማሰር፣ በሱፍ ጨርቅ መጠቅለልና እርጥበት እንደያዘ በፌስታል መቋጠር አይገባም። ሳጥኑ ከወለልና ከግድግዳ ራቅ ብሎ፣ ከማድቤትም ተለይቶ ይቀመጥ። ከአዲስ ጫማ ጋር የምትመጣው እርጥበት መጣጭ ከረጢት በሳጥኑ ውስጥ ብትገባ ትጠቅማለች፤ ሕፃናት እንዳይውጧት ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። እርሷ ካልተገኘች በጨርቅ የተቋጠረ ደረቅ ጠመኔ ጥቂት እርጥበት ይስባል። በወር አንድ ጊዜ፣ ፀሐይ በወጣችበት ቀን፣ ሳጥኑን ከፍቶ ጌጡን ማየት ተገቢ ነው።

ጥገናና ሽያጭ

የተሰበረ ጌጥ ወደ አንጥረኛ ሲወሰድ አስቀድሞ በስልክ ፎቶ ማንሣትና ማስመዘን ያስፈልጋል። አንጥረኛው በእርሳስ ሳይሆን በብር እንዲበይደው መጠየቅም ይገባል፤ እርሳስ ያለበት ጌጥ በኋላ ለሌላ ጥገና እሳት ሲነካው ብሩ ይበላሻል።

የክረምት ማብቂያ የገንዘብ እጥረት የሚበረታበት ጊዜ በመሆኑ፣ የጠቆረ ጌጥ ያረጀ ተብሎ በሚዛን የሚሸጥበት አጋጣሚ አለ። ጥቁረት የብሩን መጠንም ሆነ የእጅ ሥራውን አይቀንስም። መሸጥ የግድ ከሆነ ጌጡን በለስላሳ ሳሙና አጥቦ፣ ክብደቱን አውቆ፣ ከአንድ በላይ ለሆኑ ገዢዎች አሳይቶ መወሰን ይበጃል። በሚዛን የሚሸጥ ጌጥ የብሩን ዋጋ ብቻ ያስገኛል፤ ከቀለጠ በኋላም የአንጥረኛው ሥራ አይመለስም።